የማዕድናት አመዳደብ ታሪክ፤ ከመልክ ወደ ኬሚካዊ ጥንቅር

መግቢያ

በማዕድን ጥናት ክፍል ውስጥ የናሙና ሣጥን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ተማሪ አንድ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም። ብረት ያለባቸው ሦስት ድንጋዮች በሦስት ልዩ ልዩ መሳቢያዎች ተቀምጠው ያገኛል። ወርቅ መስሎ የሚያብለጨልጨው ፒራይት እርሳስ ከሚወጣበት ከጋሌና ጋራ በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሲፈጭ እንደ ደም የቀላ ዱቄት የሚሰጠው ሄማታይት በአራተኛው ነው። ቡናማው ሲዴራይት ደግሞ ኖራ ከሚሆነው ድንጋይ ከካልሳይት ጋራ በአምስተኛው ተቀምጦአል። ቀጥቃጭ ቢጠየቅ ወይም ማዕድን ቈፋሪ ቢጠየቅ ሦስቱንም «የብረት ድንጋይ» ብሎ በአንድ ላይ ባስቀመጣቸው ነበር። ታዲያ የማዕድን ሊቃውንት ብረትን ከብረት ለይተው ከእርሳስና ከኖራ ጋራ ያጎራበቱት ስለ ምን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው መልስ አጭር ነው። ማዕድናት የሚመደቡት በኬሚካዊ ጥንቅራቸው፣ ማለት ከምን ከምን ንጥረ ነገር እንደ ተሠሩ በመመልከት ነው፤ በጥንቅራቸውም ውስጥ ዋና ሆኖ የሚቈጠረው ሜታሉ ሳይሆን ከሜታሉ ጋራ የተዋሐደው ሌላው ወገን ነው ይባላል። ሜታል ስንል ብረትን፣ መዳብን፣ እርሳስን፣ እንዲሁም እንደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉትን ሁሉ ማለታችን ነው። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ባጭሩ ሲነገር ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ ይመስላል እንጂ በሰው ልፋት የተገኘ ዕውቀት አይመስልም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ደንቡ እንዴት እንደ ተገኘ ማሳየት ነው። ደንቡን ያቆመው ሰው አስቀድሞ የደንቡን ተቃራኒ አቁሞ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላም የገዛ ሥራውን በገዛ እጁ አፈረሰ። ታሪኩ ሊነገር የሚገባው በተለይ ስለዚህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።

፩. በመልክ የመመደብ ዘመን

በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ላይ የቅድስቲቱ ከተማ የግንብ መሠረቶች በዐሥራ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ያጌጡ መሆናቸው ተገልጾአል። ከነዚህ ውስጥ መረግድ አራተኛው፣ ቢረሌ ስምንተኛው ነው። የጥንት ሰው ሁለቱን ልዩ ልዩ ድንጋዮች አድርጎ በመቍጠሩ የሚፈረድበት አይደለም። አንዱ እንደ ለምለም ሣር አረንጓዴ፣ ሁለተኛው እንደ ባሕር ውሃ የፈዘዘ ሆኖ ቢያየው ለእያንዳንዱ የራሱን ስም ሰጠው። ድንጋይን የሚለይበት መሣሪያ ዓይኑ፣ እጁና ምላሱ ብቻ ነበርና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ስለ ድንጋዮች የጻፈው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስም ሆነ፣ በ77 ዓመተ ምሕረት ግድም የተፈጥሮ ታሪክ የተባለውን ታላቅ መጽሐፉን ያቀረበው ሮማዊው ፕሊንዮስ፣ ድንጋዮችን የገለጹት በቀለማቸው፣ በተገኙበት አገር፣ በሚሰጡት ጥቅምና በሚነገርላቸው ኃይል ነበር። ስም መልክንና ጥቅምን ሲከተል የሚደርሰውን መደባለቅ ለማየት ኩልን መመልከት ይበቃል። ኩል በጥንታዊት ግብጽ በአብዛኛው ከእርሳስ ማዕድን ከጋሌና ይሠራ ነበር፤ በሌላ ጊዜና ስፍራ ደግሞ ከአንቲሞኒ ማዕድን ከስቲብናይት ተሠርቶአል። ሁለቱም አንጸባራቂና ጠቈር ያሉ ስለ ሆኑ፣ ሁለቱም ዓይን ስለሚያስጌጡ፣ በአንድ ስም ተጠሩ። እንግዲህ መረግድና ቢረሌ ሁለት ስም፣ ሁለቱ የኩል ማዕድናት ግን አንድ ስም አገኙ ማለት ነው።

ከዚያም ወዲህ ነገሩን በጥልቀት የተመለከቱ አልታጡም። በ1037 ያረፈው ሊቅ ኢብን ሲና ማዕድናትን በአራት ከፈላቸው፤ እነሱም ድንጋዮች፣ በእሳት የሚቀልጡ፣ እንደ ድኝ የሚቃጠሉና ጨዎች ናቸው። ይህ አከፋፈል ከቀለም አልፎ ማዕድኑ በእሳትና በውሃ ፊት የሚያሳየውን ጠባይ ስለ ተመለከተ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበረ። በማዕድን ቈፋሪዎች ከተማ ሐኪም ሆኖ የሠራው ጀርመናዊው ጌኦርግ አግሪኮላ ደግሞ በ1546 ባሳተመው መጽሐፉ ቀለምን፣ ክብደትን፣ ጣዕምን፣ ሽታን፣ ቅርጽንና ይህን የመሰሉትን ምልክቶች በሥርዓት አሰልፎ ማዕድናትን ለየ።

በመልክ የመመደብን ዘዴ ከፍጻሜ ያደረሰው በጀርመን አገር በፍራይቤርግ የማዕድን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው አብርሃም ጎትሎብ ቬርነር ነው። ቬርነር በ1774 ስለ ማዕድናት ውጫዊ ምልክቶች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የቀለሙ ዓይነት፣ የሚሰጠው አንጸባራቂነት፣ ሲሰበር የሚያሳየው ገጽ፣ ጥንካሬው፣ ሲዳሰስ የሚሰጠው ስሜት፣ እነዚህ ሁሉ ተማሪው ሊሳሳትባቸው በማይችል መንገድ ተገልጸውበታል። ዘዴውም ለሥራ የሚመች ነበር። ከመሬት በታች በጧፍ ብርሃን የሚሠራ ቈፋሪ የኬሚስትሪ ቤት ይዞ አይወርድምና፣ በእጁ የያዘውን ድንጋይ ወዲያውኑ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ዛሬም ቢሆን ተማሪ ድንጋይን ለመለየት የሚማረው መጀመሪያ በዚሁ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ማዕድንን ለይቶ ማወቅና ማዕድንን መመደብ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ሰውን ከሩቅ በልብሱ ማወቅ ይቻላል፤ የዘር ሐረጉን ግን በልብሱ መቍጠር አይቻልም።

፪. እሳት የሰጠው ምስክርነት

መልክ ሊያታልል እንደሚችል ቈፋሪዎቹ ራሳቸው ያውቁ ነበር። በጀርመን አገር መዳብ የሚመስል አንድ ቀላ ያለ ድንጋይ ነበረ፤ ምንም ያህል ቢያቀልጡት ግን መዳብ አይወጣውም። ቈፋሪዎቹም ይህ የክፉ መንፈስ ተንኰል ነው ብለው «ኩፕፈርኒክል» አሉት፤ ኒክል የሚለው ቃል ተንኰለኛውን መንፈስ የሚያመለክት ነው። ስዊድናዊው አክሴል ፍሬድሪክ ክሮንስቴት በ1751 በአገሩ ከአንድ የኮባልት ጕድጓድ የወጣ ማዕድን ሲመረምር ከዚያ በፊት የማይታወቅ አዲስ ሜታል አገኘ። በኋላም ይኸው ሜታል በኩፕፈርኒክል ውስጥ መኖሩን ስላረጋገጠ ስሙን ኒኬል አለው። የተንኰሉ ምሥጢር ተገለጠ፤ ድንጋዩ መዳብን በመልክ መሰለ እንጂ መዳብ በውስጡ አልነበረም።

የክሮንስቴት መሣሪያ በጣም ቀላል ነበር። አንጥረኞች የሚጠቀሙበትን ቀጭን የመንፊያ ቱቦ ይዞ የመብራትን ነበልባል በትንሽ የማዕድን ፍርፋሪ ላይ ይነፋ ነበር። ፍርፋሪው ይቀልጣል ወይስ አይቀልጥም? ነበልባሉን ምን ቀለም ይሰጠዋል? ምን ይሸታል? ምን ጠብታስ ይተዋል? በ1756 አንድ ማዕድን በዚሁ ነበልባል ሲሞቅ እንደ ፈላ ውሃ ሲንተከተክ አይቶ «የሚፈላ ድንጋይ» በሚል የግሪክ ትርጉም ዜኦላይት ብሎ ሰየመው። ከሁለት ዓመት በኋላም በ1758 የማዕድን ትምህርት መጽሐፉን ስሙን ሳይጽፍበት አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ማዕድናት በአራት ክፍል ተመደቡ፤ አፈሮች፣ ጨዎች፣ የሚቃጠሉና ሜታሎች ተብለው። አራቱ ክፍሎች የኢብን ሲናን አራት ክፍሎች የሚያስታውሱ ናቸው። አዲሱ ነገር ግን በየክፍሉ ውስጥ ማዕድኑ የሚቀመጥበትን ስፍራ የሚወስነው መልኩ መሆኑ ቀርቶ በውስጡ የተገኘው ነገር መሆኑ ነው። ክሮንስቴት በኬሚስትሪ የመመደብ መንገድ ጀማሪ ከሆኑት አንዱ የሚባለው ስለዚህ ነው።

፫. ቅርጽና ጥንቅር፤ መረግድና ቢረሌ

በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሁለት ትምህርቶች ጎን ለጎን አደጉ። አንደኛው የኬሚስትሪ ምርመራ ነው። በበርሊን መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ማርቲን ሃይንሪክ ክላፕሮት ማዕድናትን በአሲድ እያሟሟ በውስጣቸው ያለውን እያንዳንዱን ነገር በሚዛን ይለካ ነበር፤ በ1789 ዚርኮኒየምንና ዩራኒየምን ያስታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በዚሁ በ1789 ፈረንሳዊው ላቮዋዚየ ንጥረ ነገር ማለት በምርመራ ከዚያ ወዲያ ሊከፋፈል ያልቻለ ነገር ነው ብሎ የ33 ነገሮችን ዝርዝር አሳተመ። ጥንቅርን ለመግለጽ የሚያስፈልገው ቋንቋ በዚህ ተገኘ።

ሁለተኛው የክሪስታል ትምህርት ነው። ይህንን በፓሪስ ያስፋፋው ካህኑ ሬኔ ዡስት አዊ ነው። አዊ የካልሳይት ክሪስታል ምንም ያህል ቢሰባበር ስባሪው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ እንደሚሰጥ ተመልክቶ፣ እያንዳንዱ ማዕድን የራሱ የሆነ መሠረታዊ ቅርጽ አለው ብሎ አስተማረ። እንደ ትምህርቱም አንድ ጥንቅር አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቅርጽም አንድ ጥንቅር ሊኖረው ይገባል። እንደ ኩብ ያሉትን፣ በሁሉ ዘንድ የሚገኙትን ጥቂት ቅርጾች ግን ከዚህ ደንብ ለይቶአቸዋል።

ሁለቱ ትምህርቶች ተባብረው የሠሩት እጅግ ያማረ ሥራ የመረግድና የቢረሌ ጉዳይ ነው። አዊ ሁለቱን ድንጋዮች ቢለካ ባለ ስድስት ጎን ክሪስታላቸው አንድ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ኬሚስቱ ሉዊ ኒኮላ ቮክለን ጥንቅራቸውን እንዲመረምር ጠየቀው። ቮክለንም በ1798 ሁለቱ በእርግጥ አንድ ጥንቅር እንዳላቸው አስታወቀ። ከዚህም በላይ ከሱ በፊት የመረመሩት ሰዎች ከአሉሚና ሳይለዩ ያለፉት አዲስ አፈር በውስጣቸው አገኘ። ከዚህ አፈር የሚሠሩት ጨዎች ጣዕማቸው ጣፋጭ ነበር። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ዛሬ ከቢረሌ ስም ተወስዶ ቤሪሊየም ይባላል። የመረግድ አረንጓዴነት የመጣው በውስጡ ከሚገኝ ጥቂት ክሮሚየም ነው፤ ክሮሚየምንም ያገኘው ራሱ ቮክለን በ1797 ነበር። እንግዲህ አራተኛውና ስምንተኛው ድንጋይ በኬሚስት ሚዛን ላይ አንድ ሆነው ተገኙ።

ቅርጽና ጥንቅር ግን ሁልጊዜ አልተስማሙም። በስፔን አገር የተገኘው አራጎናይት የሚባለው ማዕድን በ1788 ክላፕሮት ሲመረምረው ከካልሳይት ጋራ አንድ ጥንቅር እንዳለው ታየ፤ ሁለቱም ካልሲየም፣ ካርቦንና ኦክሲጅን ብቻ ናቸው። ቅርጻቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። በአዊ ትምህርት መሠረት ይህ ሊሆን የማይችል ነው። ስለዚህ በአራጎናይት ውስጥ የተሰወረ ሌላ ነገር አለ ተብሎ ለብዙ ዓመት ተፈለገ። በ1813 ጥቂት ስትሮንሺየም ሲገኝበት እንቆቅልሹ የተፈታ መስሎ ነበር፤ ስትሮንሺየም የሌለበት አራጎናይት በመገኘቱ ግን ያም ተስፋ ቀረ። አንድ ጥንቅር ሁለት ቅርጽ ሊኖረው እንደሚችል መታወቅ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

፬. የቤርሴሊዩስ ሁለት ሥርዓቶች

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። በጥንቅር መመደብ ይገባል ከተባለ፣ ከጥንቅሩ ውስጥ የትኛው ወገን ይቅደም?

ስዊድናዊው ያኮብ ቤርሴሊዩስ በ1779 ተወልዶ በ1848 ያረፈ የዘመኑ ታላቅ ኬሚስት ነው። ንጥረ ነገሮችን በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት የመጻፍን ዘዴ የሰጠን እሱ ነው። ቤርሴሊዩስ በ1803 ከሂሲንገር ጋራ ሆኖ አዲስ የተፈለሰፈውን የቮልታ ባትሪ በጨዎች ላይ ሲሞክር፣ ጨው በኤሌክትሪክ ኃይል በሁለት ሲከፈል፣ አሲዱ ወደ አንዱ ጫፍ፣ ከአሲዱ ጋራ ተዋሕዶ የነበረው ሜታል ያለበት ወገን ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ አየ። ከዚህም ተነሥቶ ማናቸውም ውህድ አዎንታዊና አሉታዊ ከሆኑ ከሁለት ወገኖች የተሠራ ነው አለ። ማዕድን ደግሞ ውህድ ነው፤ ስለዚህ ለማዕድን የሚያስፈልገው ሥርዓት ለኬሚስትሪ ከሚያስፈልገው የተለየ ሊሆን አይገባውም። በ1814 ይህን አሳብ በመጽሐፍ አሳተመ። ከሁለቱ ወገኖች ለመመደቢያ የመረጠው አዎንታዊውን፣ ማለት ሜታሉን ነበር። በዚህ ሥርዓት ፒራይት፣ ሄማታይትና ሲዴራይት ሁሉም በብረት ቤተ ሰብ ውስጥ ገቡ። ቀጥቃጩና ቈፋሪው ከኬሚስቱ ጋራ ተስማሙ ማለት ነው።

ነገር ግን የሥርዓቱ መሠረት ከመጣሉ በፊት አንድ ስንጥቅ ታይቶ ነበር። እንግሊዛዊው ወላስተን ብርሃንን በማንጸባረቅ የክሪስታልን ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ በ1809 ፈልስፎ፣ በ1812 ካልሳይትንና ሲዴራይትን ለካ። አንዱ የካልሲየም፣ ሁለተኛው የብረት ነው። ማዕዘናቸው ግን አንዱ 105 ዲግሪ ያህል፣ ሁለተኛው 107 ዲግሪ ያህል ሆነ። በተለያዩ ቤተ ሰቦች ውስጥ የተመደቡ ሁለት ማዕድናት እንደ ወንድማማች መመሳሰላቸው ስለ ምን ነው? ይህን ጥያቄ በዚያን ጊዜ የመለሰው አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከአንድ ወጣት ነው። አይልሃርት ሚቸርሊክ በመጀመሪያ የተማረው የምሥራቅ ቋንቋዎችን፣ በተለይም ፋርስኛን ነበር። ወደ ፋርስ አገር የመሄድ ምኞቱ ባይሳካለት፣ ሐኪም ሆኜ እሄዳለሁ ብሎ ሕክምና ጀመረ፤ በዚያው ኬሚስትሪ ማረከው። በ1819 በበርሊን ዕድሜው 25 ሳለ የፖታሲየምን ፎስፌትና የፖታሲየምን አርሴኔት ክሪስታሎች ሲያዘጋጅ ሁለቱ በጥንቅር ተለያይተው በቅርጽ አንድ ሆነው አገኛቸው። ጥንቅራቸው ተመሳሳይ አሠራር ያለው እንደ ሆነ፣ ማለት የንጥረ ነገሮቹ ብዛት በአንድ ልክ የተሰለፈ እንደ ሆነ፣ አንዱ ንጥረ ነገር በሌላው ስፍራ ተተክቶ ቅርጹን ሳያፈርስ ሊቀመጥ ይችላል አለ። በዚያው ዓመት ቤርሴሊዩስ በበርሊን ሲያልፍ ወጣቱን አገኘው፤ ሥራውንም ተረድቶ ወደ ስቶክሆልም ወሰደው። ሚቸርሊክ ከሱ ዘንድ ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። አዊ ግን የሕይወቱን ሥራ የሚነካበት ስለ ሆነ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1822 ድረስ ትምህርቱን አልተቀበለውም።

የሚቸርሊክ ትምህርት በ1814ቱ ሥርዓት ላይ ያመጣውን ችግር በሲዴራይት እንመልከተው። በተፈጥሮ የሚገኘው ሲዴራይት ብዙ ጊዜ ንጹሕ የብረት ካርቦኔት አይደለም። ከብረቱ ከፊሉ ወጥቶ በስፍራው ማግኒዥየም ወይም ማንጋኒዝ ይገባል፤ የሚገባውም አንድ ጊዜ ጥቂት፣ ሌላ ጊዜ ብዙ ነው። ግማሹ ብረት ግማሹ ማግኒዥየም የሆነ ድንጋይ ቢመጣ ከየትኛው ቤተ ሰብ ሊቈጠር ነው? በአንድ ተራራ ላይ ጎን ለጎን የተገኙ ሁለት ናሙናዎች፣ በመልክም በቅርጽም ሳይለያዩ፣ በጥቂት የብረት መብዛትና ማነስ ብቻ ወደ ተራራቁ ቤተ ሰቦች ይሄዱ ነበር። ሜታሉ ሲለዋወጥ ሳይለወጥ የሚኖረው ከሜታሉ ጋራ የተዋሐደው ወገን፣ በዚህ ምሳሌ ካርቦኔቱ ነው። በአንጻሩ ፒራይት፣ ሄማታይትና ሲዴራይት ከብረት በቀር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር የለም። በቅርጽም፣ በእሳት ፊት በሚያሳዩት ጠባይም፣ በምድር ውስጥ በሚገኙበት ሁኔታም አይገናኙም።

ቤርሴሊዩስ ይህን ሲያይ ሁለት መንገድ ነበረው። ሥርዓቱን በልዩ ልዩ ማስታወሻ እየጠገነ ማቆየት ይችል ነበር፤ ስሙ በመላው አውሮፓ የተከበረ ስለ ሆነ ብዙዎች በተከተሉት ነበር። እሱ ግን በ1824 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ንጥረ ነገሮች አንዱ በሌላው ስፍራ የሚተካኩ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ የማዕድናት ሥርዓት መለወጥ አለበት ብሎ፣ መመደቢያው አዎንታዊው ወገን መሆኑ ቀርቶ አሉታዊው ወገን እንዲሆን አደረገ። ብረት በየመሳቢያው የተበተነው በዚያ ጊዜ ነው። ፒራይት በድኝ ምክንያት ወደ ሰልፋይዶች ሄደ፤ በዚያም ሁለቱን የኩል ማዕድናት፣ ጋሌናንና ስቲብናይትን አገኘ። ሄማታይት በኦክሲጅን ምክንያት ወደ ኦክሳይዶች፣ ሲዴራይትም በካርቦኔቱ ምክንያት ወደ ካልሳይት ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሚቸርሊክ መጀመሪያ ያየው መተካካት በፎስፌትና በአርሴኔት መካከል ነው፤ እነዚህ ደግሞ የአሉታዊው ወገን ናቸው። አሉታዊው ወገንም የሚለዋወጥ ከሆነ ከአዎንታዊው በምን ተሻለ? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ስለዚህም ዛሬ ፎስፌቶች፣ አርሴኔቶችና ቫናዴቶች በአንድ ክፍል ተጠቃልለው ይገኛሉ። የቤርሴሊዩስ ምርጫ የሚጸናው በማዕድናት ዓለም ሜታሎች እርስ በርሳቸው የሚተካኩበት ጊዜ እጅግ ስለሚበዛ፣ ድኝ በካርቦኔት ስፍራ ወይም ካርቦኔት በኦክሲጅን ስፍራ እንዲሁ በቀላሉ ሲተካ ስለማይታይ ነው። ደንቡ ፍጹም ስለ ሆነ አልተመረጠም፤ ከሌላው ይልቅ ጥቂት የሚያደናግር ስለ ሆነ ነው።

፭. ሁለተኛው ምሳሌ፤ ዳና

የራሱን ሥርዓት ያፈረሰ ቤርሴሊዩስ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ጄምስ ድዋይት ዳና በ1837 ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ የማዕድናትን ሥርዓት የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ዳና የተከተለው የቬርነር ተማሪ የነበረውን የፍሪድሪክ ሞስን መንገድ ነበር። ሞስ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የጥንካሬ መለኪያው ነው። በሱ አስተሳሰብ ማዕድናት እንደ ዕፀዋትና እንደ እንስሳት በሚታዩ ጠባዮቻቸው ተለይተው በወገንና በዓይነት መመደብ አለባቸው። ዳናም በዚሁ መሠረት ሊኔ ለዕፀዋት እንዳደረገው ለእያንዳንዱ ማዕድን ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም አወጣለት።

ስሞቹን ማውጣት ከባድ ድካም የጠየቀ ሥራ ነበር። ሆኖም በ1850 በታተመው ሦስተኛ እትም ዳና ይህን ሥርዓት ትቶ ወደ ኬሚካዊ አመዳደብ መሻገሩን አስታወቀ፤ የላቲን ስሞቹንም ጣላቸው። በ1854 አራተኛው እትም የቤርሴሊዩስን መንገድ የተከተለው አመዳደብ በምሉ ተሠራበት። መጽሐፉ ከዳና በኋላ በልጁና በሌሎች እጅ እየታደሰ ለብዙ ትውልድ የማዕድን ተማሪዎች መመሪያ ሆኖአል። ከዚህ የምንረዳው መጽሐፉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ጸሐፊው የመጀመሪያውን ሥራውን ለማፍረስ ስላልፈራ መሆኑን ነው።

፮. ጥንቅር ብቻውን ያልበቃበት ስፍራ

የቤርሴሊዩስ ደንብ ለሰልፋይዶች፣ ለካርቦኔቶችና ለሰልፌቶች በጥሩ ሁኔታ ሠራ። ከምድር ቅርፊት ዘጠኝ ዐሥረኛ ያህሉን የሚይዙት ሲሊኬቶች ግን አስቸገሩ። ሲሊኬቶች ሁሉ ከሜታሎች ጋራ የተዋሐደ ሲሊከንና ኦክሲጅን አላቸው፤ አንድ ትልቅ መሳቢያ ሞልተው ፈሰሱ። ኬሚስቶች በሲሊከንና በኦክሲጅን መጠን ሊከፋፍሉአቸው ሞከሩ፤ ውጤቱ ግን ከተፈጥሮ ጋራ ብዙ ጊዜ አልገጠመም።

እዚህም ላይ ቢረሌ እንደ ገና ምስክር ሆኖ ይመጣል። በቢረሌ ውስጥ ለአንድ ሲሊከን ሦስት ኦክሲጅን ይደርሳል። ዳዮፕሳይት በሚባለው ማዕድንም ልክ እንደዚሁ ነው። በሒሳቡ መሠረት ሁለቱ ዘመዳሞች ሊሆኑ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን በቅርጽም በጠባይም አይመሳሰሉም። ምክንያቱ የታወቀው በ1912 ማክስ ፎን ላወ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ሥርዓት ባለው መንገድ እንደሚበተን ካሳየ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ የሆኑት ብራጎች በዚህ ዘዴ አተሞች በክሪስታል ውስጥ የሚሰለፉበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ልጁ ዊልያም ሎረንስ ብራግ ከባልደረቦቹ ጋራ በ1926 የቢረሌን፣ በ1928 የዳዮፕሳይትን አሠራር ገለጸ።

በሁለቱም ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊከን በአራት ኦክሲጅኖች ተከቦአል። በቢረሌ ስድስት ሲሊከኖች ከነኦክሲጅኖቻቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ቀለበት ይዘጋሉ፤ በዳዮፕሳይት ግን ሳይዘጉ እንደ ሰንሰለት ይረዝማሉ። ቍጥሩ አንድ ሲሆን አያያዙ ተለየ። እንደዚሁም በሌሎች ሲሊኬቶች ውስጥ ብቻቸውን የቆሙ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣመሩ፣ እንደ ሚካ በንጣፍ የተዘረጉ፣ እንደ ፌልድስፓር በሁሉም አቅጣጫ የተሳሰሩ ተገኙ። የሲሊኬቶች ትልቅ መሳቢያ በዚህ መሠረት ተከፋፈለ።

ጥንቅርንና አሠራርን በአንድ ሠንጠረዥ ያዋሐደው ጀርመናዊው ሁጎ ሽትሩንትስ ነው፤ መጽሐፉ በ1941 በላይፕዚግ ታተመ። ከብዙ መታደስ በኋላ በዚሁ መንገድ ዛሬ የሚሠራበት አመዳደብ ዐሥር ክፍሎች አሉት፤ ንጥረ ነገሮች፣ ሰልፋይዶች፣ ሃላይዶች፣ ኦክሳይዶች፣ ካርቦኔቶች፣ ቦሬቶች፣ ሰልፌቶች፣ ፎስፌቶች፣ ሲሊኬቶችና ኦርጋኒክ የሆኑት። ከ6000 በላይ የሚሆኑት የታወቁ ማዕድናት ሁሉ በነዚህ ዐሥር ክፍሎች ውስጥ ስፍራ አላቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ «አሉታዊው ወገን ምንድን ነው?» የሚለው የቤርሴሊዩስ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ «እንዴት ተያያዘ?» የሚለው ነው።

መደምደሚያ

ይህ ሥርዓት የሩቅ አገር ሰዎች ያቆሙት ቢሆንም ለኛም አገር ድንጋዮች ስፍራ አዘጋጅቶአል። የአዶላ ወርቅና የዩብዶ ፕላቲን በመጀመሪያው ክፍል ይገባሉ። ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ፣ እንዲሁም ከዳሎል ፖታሽ ውስጥ ሲልቫይት የሚባለው፣ በሃላይዶች ክፍል ጎረቤታሞች ናቸው። ኖራ የሚሆነው ድንጋይ ከካርቦኔቶች፣ ጀሶ ከሰልፌቶች ይቈጠራል። በጉጂ በሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው መረግድም ከሲሊኬቶች መካከል፣ ባለ ቀለበት ከሆኑት ጋራ ይቀመጣል። የወሎው የደላንታ ኦፓል ግን አንድ ያልተቋጨ ክርክር ያስታውሰናል። ኦፓልና ኳርትዝ ሲሊከንና ኦክሲጅን ስለ ሆኑ በሽትሩንትስ ሠንጠረዥ ከኦክሳይዶች ይቈጠራሉ፤ ዳና በጀመረው መጽሐፍ የቅርብ እትም ግን ኳርትዝ በአያያዙ ምክንያት ከሲሊኬቶች ጋራ ተቀምጦአል። ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው።

በመግቢያው ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። ብረት በአንድ መሳቢያ ያልተቀመጠው ሊቃውንት ብረትን ስለ ናቁ አይደለም። ብረት በማዕድን ውስጥ ስፍራውን ለሌላ ሜታል የሚለቅ፣ በሌላውም ስፍራ የሚገባ እንግዳ ስለ ሆነ፣ ቤቱን በእንግዳው ስም መጥራት ስላልተቻለ ነው። ቀጥቃጩም አልተሳሳተም፤ የሱ ጥያቄ «ከዚህ ድንጋይ ምን ይወጣል?» የሚል ነውና ለጥያቄው የሚስማማው የሱ አመዳደብ ነው። የማዕድን ሀብት መዝገብም እስከ ዛሬ በሜታል ስም ይጻፋል። ማናቸውም አመዳደብ ትክክል ወይም ስሕተት የሚባለው ከተነሣበት ጥያቄ ጋራ ሲመዛዘን ነው።

ለኛ ለተማሪዎች ከዚህ ሌላ የሚቀር ትምህርት አለ። ከመምህር ወይም ከመጽሐፍ የተቀበልነውን ሠንጠረዥ በቃል መያዝ ይገባናል፤ ፈተናም ይጠይቀናል። ነገር ግን ሠንጠረዡ የተሠራው ሠንጠረዣቸውን ለማፍረስ በደፈሩ ሰዎች እጅ ነው። ቤርሴሊዩስ በ45 ዓመቱ ከሱ 15 ዓመት የሚያንስ ወጣት ያገኘውን እውነት ተቀብሎ የገዛ መጽሐፉን አረመ፤ ዳና በሃያዎቹ ዕድሜው የደከመበትን ሥራ በሠላሳዎቹ ዕድሜው ተወው። አዊ እጅግ ታላቅ ሊቅ ሆኖ ሳለ ይህን ማድረግ አልቻለም። ሣጥኑን ስንከፍት ብረትን በሦስት መሳቢያዎች ተበትኖ ባየን ቍጥር ይህን ብናስታውስ የሠንጠረዡን ትርጉም ከስሞቹ ጋራ አብረን እንይዘዋለን።